ኢጋድ ስንት አባል አገር አለው? 8፣ 7 ወይስ 6? (የፈተና ጉዳይ ነው፣ ድረሱልኝ)

መምህሩ_ከአዘዞ | ሐሙስ ታኅሣሥ 9 ቀን 2018፣ ከምሽቱ 1:40

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። አዘዞ የዜግነት ትምህርት አስተምራለሁ። ሰኞ ዕለት አጭር ፈተና ሰጥቼ ነበር። ከጥያቄዎቹ አንዷ በየዓመቱ ያለ ምንም ክርክር ስጠይቃት የኖርኩ ናት፦ «የምሥራቅ አፍሪካ የልማት በይነ መንግሥታት ድርጅት (ኢጋድ) ስንት አባል አገሮች አሉት?» መልሷ 8 ነበር። ጅቡቲ፣ ኢትዮጵያ፣ ኤርትራ፣ ኬንያ፣ ሶማሊያ፣ ሱዳን፣ ደቡብ ሱዳን፣ ኡጋንዳ። ሰሌዳ ላይ ጽፌው፣ ተገልብጦ፣ ተሸምድዶ ያለቀ ነገር።

ዘንድሮ ወረቀቱን ሳርም ግን ግማሹ 8፣ ግማሹ 7 ብሏል። 6 ያሉም አሉ። አንዷማ 8 ጽፋ ሰርዛዋለች፣ 7 ጽፋ እሱንም ሰርዛዋለች፣ 6 ጽፋ እሱንም ሰርዛ ከጎኑ እንደገና 7 ብላለች። ወረቀቱ በስክርቢቶ ብዛት ሊበሳ ምንም አልቀረው።

ልጆቹ አልተሳሳቱም። ኤርትራ ባለፈው ሳምንት ታኅሣሥ 3 ከድርጅቱ ወጥቻለሁ ብላለች። ሱዳን ከጥር 2016 ጀምሮ አባልነቴን አግጃለሁ ብላ ተቀምጣለች። መጽሐፉ ግን ያው 8 ነው። ወረቀቱን በሚመጣው ሳምንት መመለስ አለብኝ። ለማን ልስጥ፣ ማንን ልጣል?

እግረ መንገዴን፣ አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ «ቲቸር፣ አገር ከድርጅት ሲወጣ ምን ይቀርበታል?» ብሎኝ «ብዙ ነገር» ብዬ አለፍኩት። የአስተማሪ ማምለጫ ናት እንጂ ለራሴም አልገባኝም። እስቲ የምታውቁ።

---

ቋረኛው | ከምሽቱ 1:52

7 ነው። ምን ያጨቃጭቃል? ወጣሁ ያለ ወጣ። ሱዳን ደግሞ አኮረፈች እንጂ አልወጣችም። 8 ያሉትን ጣላቸው፣ ዜና መስማት ይልመዱ።

ለሁለተኛው ጥያቄህ፦ ምንም አይቀርባቸውም። ኢጋድ ማለት ሆቴል ተከራይቶ «ሁኔታው በጥልቅ ያሳስበናል» ማለት ነው። ደግሞ ለዚህ አዲስ አበባ ላይ ያን የሚያህል ዋና መሥሪያ ቤት!

---

ሕግ_ማራኪ | ከምሽቱ 2:10

ቋረኛው፣ ዋና መሥሪያ ቤቱ ጅቡቲ ነው። አዲስ አበባ ያለው የግጭት ቅድመ ማስጠንቀቂያ ክፍሉ (ሴዋርን) ነው። የአየር ንብረቱ ማዕከል ደግሞ ናይሮቢ።

መምህር፣ ሦስት ነገር ተደባልቆብህ ነው። መታገድ፣ ራስን ማገድና መውጣት። መታገድ ሌሎች የሚያደርጉብህ ነው። የአፍሪካ ኅብረት በጥቅምት 2014 ከመፈንቅለ መንግሥቱ በኋላ ሱዳንን አግዷታል። ራስን ማገድ ያው ኩርፊያ ነው፤ ስምህ መዝገብ ላይ እንዳለ አንተ አትመጣም። መውጣት ግን ስሜን ፋቁት ማለት ነው።

ኤርትራ ሁለቱንም አድርጋዋለች። በሚያዝያ 1999 የኢትዮጵያ ጦር ሶማሊያ በመግባቱ ተቆጥታ አባልነቷን አገደች። በሐምሌ 2003 ልመለስ ብትልም ነገሩ ሳይቋጭ ዓመታት ተንጠለጠለ። ሰኔ 5 ቀን 2015 ጅቡቲ ላይ በተደረገው የመሪዎች ጉባኤ ተመለሰች። ልክ በሁለት ዓመት ተኩሏ፣ በፈረንጅ ቆጠራ ከ12 እስከ 12 ቀን እንኳ ሳይዛነፍ፣ ወጣች።

አሁን ይህችን ልብ በል። በእነዚያ 16 ዓመታት ሁሉ የኤርትራ ስም ከአባላቱ ተርታ ነበር። ደቡብ ሱዳን በኅዳር 2004 ስትገባ «8 ሆንን» የተባለው ያኮረፈችውን ኤርትራን ቆጥሮ ነው። ስለዚህ ያኮረፈ ይቆጠራል። በዚህ ስሌት ሱዳንም ትቆጠራለች፤ 6 ያሉትን ጣላቸው።

በ8 እና በ7 መካከል ግን እኔም አልቸኩልም። የምዕራብ አፍሪካዎቹ ማሊ፣ ቡርኪና ፋሶና ኒጀር ጥር 19 ቀን 2016 ከቀጠናቸው ማኅበር ከኢኮዋስ «ከዛሬ ጀምሮ ወጥተናል» አሉ። ኢኮዋስ «ደንቤ የአንድ ዓመት ማስታወቂያ ይጠይቃል» ብሎ እስከ ጥር 21 ቀን 2017 ድረስ እንደ አባል ሲቆጥራቸው ከረመ። ያን ዓመት ፈተና የሰጠ የባማኮ አስተማሪ ምን አድርጎ ይሆን?

---

መምህሩ_ከአዘዞ | ከምሽቱ 2:18

ተባረክ። እንዲያውም ባሰብኝ።

---

እትዬ_የዕድር_ጸሐፊ | ከምሽቱ 2:41

ልጆቼ እንደምን አመሻችሁ። ስለ ኢጋድ ብዙም አላውቅ፣ ስለ መዝገብ ግን አውቃለሁ። የሰፈራችን ዕድር ጸሐፊ ከሆንኩ 14 ዓመቴ ነው።

አንድ ሰው ነበር፤ በድንኳን ኪራይ ነገር ከዳኛው ጋር ተጣላና በስብሰባ መሀል ተነሥቶ «ስሜን ሰርዙ!» ብሎ ወጣ። ዳኛው «ሰርዢ» አሉኝ። እኔ አልሰረዝኩም። በአፍ ነው የተናገረው፤ ሰው ተናዶ ያለውን ሁሉ ብሰርዝ ኖሮ መዝገቡ ባዶ ይቀር ነበር። በየወሩ ስሙን እጠራለሁ፣ ዝም። «ቀሪ» ብዬ እጽፋለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ቀሪ፣ ቀሪ፣ ቀሪ።

አማቱ ሲሞቱ በሌሊት በሬን አንኳኳ። «እትዬ፣ አባል ነኝ ወይስ አይደለሁም?» አለኝ። መዝገቡን አውጥቼ አሳየሁት። ውዝፉን ከነቅጣቱ ከፈለ፣ ድንኳኑ ተተከለለት፣ እድርተኛው ወጥቶ ቀበረለት። ከዚያ በኋላ ይመጣል ብዬ ነበር። በወሩ ስጠራው አሁንም ቀሪ።

እንግዲህ ያቺ አገር ከዚህ ሰው ትለያለች ወይ? እናንተ ንገሩኝ።

---

ሕግ_ማራኪ | ከምሽቱ 2:55

እትዬ፣ እጅዎን ይባርከው፣ የሕግ መምህሮቻችን እንዲህ አላስረዱንም። ኢጋድም ለኤርትራ መውጣት የሰጠው መልስ ይኸው ነው፦ ከተመለሰች ወዲህ በስብሰባዎቼም በሥራዎቼም አልተሳተፈችም አለ። የእርስዎ «ቀሪ» ማለት ነው። ኤርትራ በበኩሏ ድርጅቱ ሕጋዊ ሥልጣኑን ያጣ፣ በእኔ ላይ መሣሪያ የሆነ ነው ትላለች።

ልዩነቱ ቅጣቱ ላይ ነው። የእርስዎ ሰው ውዝፍ ባይከፍል ድንኳን አያገኝም። እዚያ ግን የቀረ ሰው ላይ የሚጎድል ድንኳን የቱ እንደሆነ አይታይም። የመምህሩ ተማሪ የጠየቀውም ይህንኑ ነው።

---

የመተማ_መንገድ | ከምሽቱ 3:20

እኔ ነጋዴ ነኝ። ጎንደር አራዳ መጋዘን ነበረኝ፤ ቡናና ቅመም ወደ ሱዳኗ ገዳሪፍ እልክ ነበር። ልጄም እዚያው አዘዞ ነው የምትማር፣ መምህር እግዜር ይስጥህ።

እናንተ ስለ ወንበር ታወራላችሁ፣ እኔ ስለ ድልድይ ላውራ። በአይከል፣ በነጋዴ ባሕር፣ በገንዳ ውሃ፣ በኮኪት አልፈህ መተማ ዮሐንስ ትደርሳለህ። ከዚያ ትንሽ ድልድይ ናት፤ ማዶው ገላባት ነው። ይህን ያህል ናት፤ ከዚህ ሆነህ ብትጣራ ማዶ ያለው ሰው ዞር ይላል። እኔ ያቺን ድልድይ በተሻገርኩ ቁጥር ኢጋድ የሚል ወረቀት አሳይ ያለኝ ሰው የለም። ፓስፖርት፣ ፈቃድ፣ ጉምሩክ፣ አንዳንዴም ዘመድ።

እዚያው ሱዳን፣ ወድ መደኒ ከተማ ደንበኛ ነበረኝ። እኔ ገዳሪፍ ድረስ አደርስለታለሁ፣ እሱ ከዚያ ይረከበኛል። ዱቤውን በአንድ አረንጓዴ ደብተር ይጽፋል፤ በዐረብኛ ጽፎ ከሥሩ እኔ በአማርኛ እጽፍበታለሁ። ታኅሣሥ 2016 ከተማይቱ ከሱዳን ጦር ጋር በሚዋጋው በፈጥኖ ደራሹ ኃይል እጅ ስትወድቅ ልጆቹን ይዞ ወጣ። መተማ ሲገባ ደውሎልኝ ሄድኩ። ከዕቃው ሁሉ ያተረፈው የሱቁን ቁልፍና ያንን ደብተር ነው። ያለበትን ዕዳ ሊያሳየኝ ነው ያመጣው! ሻይ ቤት ተቀምጠን ቅጠል በቅጠል ሲገልጥ እንባዬ መጣ።

ያ ሰው የኢጋድ አባል አገር ዜጋ ነው። ወደ ሌላ የኢጋድ አባል አገር ነው የገባው። የገባው ግን እንደ ስደተኛ ነው። ታዲያ አባልነቱ የት ላይ ነው የተያዘለት?

---

ሕግ_ማራኪ | ከምሽቱ 3:38

አያ መተማ፣ ያሉት ነገር ሆድ ይበላል። ወረቀት ላይ እንኳ አለ። የካቲት 18 ቀን 2012 የአባል አገሮች ሚኒስትሮች የሰዎችን ነፃ እንቅስቃሴ ፕሮቶኮል ተቀብለዋል። ከድርቅም ሆነ ከሌላ አደጋ ሸሽቶ የመጣን ጎረቤት በር እንዳይዘጉበት የሚል አንቀጽም አለው። የተቀበሉት የት ከተማ ላይ መሰለዎ? ካርቱም።

---

የመተማ_መንገድ | ከምሽቱ 3:41

ካርቱም? አይ ጊዜ።

---

ፋሲል_አስጎብኚ | ዓርብ ታኅሣሥ 10፣ ከጠዋቱ 3:05

ሌሊት አንብቤ ነው የተነሣሁት። ስለ ሱዳን ማገድ አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ቀኑን የምረሳው ስላልሆነ።

ከጦርነቱ በፊት ሱዳናውያን እንግዶች በመተማ በኩል ይመጡልን ነበር፤ ከቤተ መንግሥቱ ይልቅ ብርዱን የሚያደንቁ። ግንቡን ሳስጎበኝ «ይህ ነፋስ ካርቱም ቢመጣ ስንት ይሸጣል?» ያለኝ ሰው ነበር። እና ጥር 11 ቀን 2016፣ ጥምቀት፣ ሌሊቱን ፋሲል መዋኛ አድረን ጠዋት ውኃው ተባርኮ ልጆቹ ከግንቡ ላይ ሲዘሉ፣ ስልኬ ጮኸ። የድሮ እንግዳዬ ነው፤ እሱም ተሰዶ ካይሮ ነው ያለው። «እንኳን አደረሳችሁ» አለኝና ቀጥሎ «መንግሥታችን ዛሬ ከኢጋድ አባልነት ራሱን አገደ» አለኝ። በእጄ ጠበል፣ በጆሮዬ ኢጋድ!

ምክንያቱ ከሁለት ቀን በፊት ነው። ከከተራ ዋዜማ፣ ጥር 9፣ ኢንቴቤ ላይ የኢጋድ አስቸኳይ ጉባኤ ነበር። የፈጥኖ ደራሹ አዛዥ ሐምዳን ዳጋሎ (ሔሜቲ) ተጋብዞ ነበር። ካርቱም «አማፂን ከእኔ እኩል ወንበር ሰጣችሁት፣ ሳታማክሩኝ» ብላ ተቆጣች። ያ ሰው ግን ያለኝ ሌላ ነው፦ «ወንበሩን ተዉት፤ ግቢው ውስጥ ሆነህ ብትቆጣ አይሻልም?»

---

ቋረኛው | ከጠዋቱ 3:30

ግቢው ውስጥ ሆነው ምን ፈየዱ? ጦርነቱ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ሲጀመር የኢጋድ ሊቀ መንበር ማን ነበር? ራሷ ሱዳን! ጅቡቲ የተረከበችው በሰኔ ነው። እሳቱ የተነሣው ከዳኛው ቤት ነው እንግዲህ፤ እትዬ ይፍረዱ።

ደግሞ ስለ ድንበር ካነሣን፣ በ2013 አልፋሽጋ ላይ የሱዳን ጦር ሲገባ የቋራና የአርማጭሆ ገበሬ ሲፈናቀል ኢጋድ የት ነበር? እኛ እኮ የድንበሩን ነገር ከመተማ ጦርነት ከ1881 ጀምሮ

---

አወያይ | ከጠዋቱ 3:34

ቋረኛው፣ እዚህ ላይ አቁምልን። የድንበሩ ጉዳይ የራሱ ክር አለው፤ ባለፈው ጊዜ 300 መልስ ደርሶ ዘግተነዋል። የዛሬው ርዕስ አባልነት ነው። ቀሪውን የጽሑፍህን ክፍል አንስቻለሁ።

---

ደምቢያ_ግብርና | ከቀኑ 6:15

የምሳ ሰዓቴ ነው፣ አጠር ላድርገው። ኢጋድ ምንም አይሠራም የምትሉ፣ በግብርና በኩል ላለን ሰዎች ትክክል አይደለም። ናይሮቢ ያለው የአየር ንብረት ማዕከል (ኢክፓክ) ወቅቱ ከመግባቱ በፊት የየአገሩን የሜትዎሮሎጂ ባለሙያዎች ሰብስቦ ትንበያ ያወጣል። ለእኛ ለሰሜኑ የሚጠቅመን ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው ነው። ከዚያ የኛ ኢንስቲትዩት ወደ አገር ትንበያ ያወርደዋል፤ እኛ ጋ ሲደርስ «ዝናቡ ቀደም ብሎ ሊወጣ ይችላል፣ ቶሎ የሚደርስ ዘር ይመረጥ» የሚል ምክር ይሆናል። በ2012 አንበጣው ሲመጣም የመንጋውን አካሄድ ከሚተነብዩት አንዱ ይኸው ማዕከል ነበር።

ግን ቋረኛውን የሚያስደስት ነገር ልጨምር። ማዕከሉ የሚያገለግለው 11 አገሮችን ነው። ታንዛኒያ፣ ሩዋንዳና ብሩንዲም ውስጡ አሉ፤ የኢጋድ አባል ግን አይደሉም። አባል ሳትሆን ዝናቡን ይነግሩሃል። ያኮረፈውም ይነገረዋል። ደመና ኩርፊያ አያውቅም።

---

ከዲሲ_ጎንደሬ | ከምሽቱ 12:50

ሰላም ከዲሲ። እኔ የምለው፣ ለምን በዚህ በፈረሰ ቤት እንጨቃጨቃለን? ኢትዮጵያ ለምን የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብን አትቀላቀልም? እነሱ የጋራ ገበያ አላቸው፣ በአንዳንዶቹ መካከል ሰው በመታወቂያ ይንቀሳቀሳል። ኬንያ፣ ኡጋንዳ፣ ደቡብ ሱዳን ከዚያም አሉ፤ ሶማሊያም በ2016 ገባች። ከኢጋድ አገሮች አራቱ እግራቸው እዚያ ነው እኮ።

---

የመተማ_መንገድ | ከምሽቱ 1:15

ወንድሜ ከዲሲ፣ ሐሳብህ ለሞያሌ ሰው ጥሩ ነው። ለእኔ ግን ናይሮቢ ማለት አንተ ያለህበት እንደ ማለት ነው። የእኔ ጎረቤት ገዳሪፍ ነው። ሱዳን የሌለችበት ማኅበር ለጎንደር ምኗ ነው?

ይልቅ ይህን ስሙ። ገንዳ ውሃ ላይ ቀና ብላችሁ ካያችሁ ከጎንደር ወደ ገዳሪፍ የሚሄደው ባለ 230 ኪሎ ቮልት ሽቦ ራሳችሁ ላይ ያልፋል። በዓለም ባንክ ብድር በሁለቱ አገሮች ስምምነት የተሠራ ነው። መብራቱ ኢጋድን ሳይጠይቅ ተሻግሯል። እኔ ከሥሩ ቆሜ ወረፋ ስጠብቅ ስንቴ አይቼዋለሁ። መብራት ሆኜ በተፈጠርኩ ያልኩባቸው ቀኖች አሉ።

---

ጡረተኛው | ከምሽቱ 2:30

ልጆች፣ እኔ የድሮ ሰው ነኝ፣ ረዘም ካለ ይቅርታ።

ይህ ድርጅት ሲቋቋም ስሙ ላይ «ድርቅ» የሚል ቃል ነበረበት። የድርቅና የልማት በይነ መንግሥታት ባለሥልጣን። የ77ቱ ረሀብ ገና አመዱ ሳይበርድ፣ ጥር 1978 ጅቡቲ ላይ ነው። ስድስት ነበሩ፤ ኤርትራ ነፃ ስትወጣ ሰባተኛ ሆነች። በ1988 ናይሮቢ ላይ ደንቡን ሲያሻሽሉ ድርቅ የሚለውን ቃል አወጡት፤ ሰላምንና ጸጥታን ጨመሩበት። ድርቁ ግን ከስሙ እንጂ ከአገሩ አልወጣም። በዚያን ጊዜ አዲስ የተዋቀረውን ድርጅት በመጀመሪያ የመራው ዋና ጸሐፊ ማን ነበር? ኤርትራዊው ተከስተ ገብራይ። ዛሬ ወጣን የሚሉት ሰዎች ማለቴ ነው፣ ቤቱን ሲሠሩ ከግንበኞቹ ነበሩ።

አሁን ወደ መምህሩ ጥያቄ። በ1978 ጅቡቲ ላይ ስለ ድርቅ ሊመክሩ ከመጡት መሪዎች ሁለቱ መንግሥቱ ኃይለ ማርያምና ዚያድ ባሬ ነበሩ። ከኦጋዴን ጦርነት ወዲህ ፊት ለፊት ተያይተው አያውቁም። ማን ማንን ይጎበኛል? ማን ቀድሞ እጁን ይዘረጋል? ለስብሰባው ግን ሁለቱም መምጣት ነበረባቸው። ንግግሩ እዚያ ጀመረ፤ በ1980 ስምምነት ፈርመው ጦራቸውን ከድንበር አራቁ። ሁለቱንም ያጣደፋቸው የየቤታቸው እሳት ነው፣ ስለ ፍቅር አላልኩም። ግን የተገናኙበት ምክንያት አባል መሆናቸው ነው።

ቋረኛው ልጄ፣ ሆቴል ተከራይቶ መሰብሰብ የምትለው ነገር፣ አንዳንዴ ቁም ነገሩ ሆቴሉ ነው።

---

ቋረኛው | ከምሽቱ 2:44

ይህን አላውቅም ነበር። አባባ፣ እድሜ ይስጥዎ። ግን ያኔ ሁለቱም መጡ። አሁን እኮ አንዱ ወጥቷል፣ አንዱ አኩርፏል። ሆቴሉ ባዶ ነው።

---

ሕግ_ማራኪ | ከምሽቱ 3:10

እንግዲህ እዚህ ላይ ነው የምገባው። ኢጋድ ውሳኔ የሚሰጠው በድምፅ ብልጫ አይደለም፣ በመግባባት ነው። ይህ ማለት የተቀመጠ ሁሉ «እምቢ» የማለት ዕድል አለው። የሚወጣ አገር ከሁሉ በፊት የሚጥለው ያችን እምቢታ ነው።

ማስረጃ ከፈለጋችሁ የኤርትራ የራሷ ታሪክ አለ። በ1999 ወንበሯን ለቀቀች። በግንቦት 2001 የኢጋድ ሚኒስትሮች ተሰብስበው የጸጥታው ምክር ቤት ኤርትራ ላይ ማዕቀብ ይጣል አሉ። የአፍሪካ ኅብረት በቀናት ውስጥ ደገመው። በታኅሣሥ 2002 ማዕቀቡ ተጣለ፤ የተነሣው በኅዳር 2011 ነው። ዘጠኝ ዓመት ማለት ነው። ያን ቀን ወንበሯ ላይ ብትኖር ኖሮ «ተግባብተናል» የሚለውን ቃል መጻፍ እንደዚያ ቀላል ይሆን ነበር?

መምህር፣ ለተማሪህ «ምን ይቀርበታል» ላለው ይህን ንገረው።

---

ቋረኛው | ከምሽቱ 3:22

ጥሩ ተከራክረሃል፣ ግን አልሸነፍም። ኅዳር 29 ቀን 2016 ጅቡቲ ላይ ጉባኤ ሲደረግ የሱዳኑ መሪ ቡርሐን እዚያው ተቀምጦ ነበር። ጉባኤው ሲያልቅ የወጣውን መግለጫ ሱዳን በማግስቱ «እኛ ያልነው አይደለም» ብላ አልተቀበለችውም። መግለጫው ግን ወጣ። ታዲያ ተቀምጦ እምቢ ማለቱ ምን አመጣ?

---

ሕግ_ማራኪ | ከምሽቱ 3:36

እሺ፣ ይህች አንድ ነጥብ ናት። እምቢታ የሚሠራው ሌሎቹ ሊሰሙህ ሲፈልጉ ነው። ጉልበት የሌለው እምቢታ ወንበርም ላይ ሆኖ አይሰማም። ግን ሱዳን ከዚያ ወዲህ ያደረገችውን እይ፦ እምቢታዋ ስላልተሰማ ወንበሩን ለቀቀች። አሁን ስለ እሷ ሲወራ ጭራሽ የሚቃወም የለም። የቱ ይሻላል?

---

እትዬ_የዕድር_ጸሐፊ | ከምሽቱ 3:50

ቀሪ የሆነ ሰው ላይ ነው ሥራ የሚደለደል። ድንኳን የሚሸከም ሲታጣ ያልመጣውን ሰው ስም ነው የምንጠራ። ይህን ሁሉም እድርተኛ ያውቃል።

ደኅና እደሩ፣ ለነገ ጤፍ የምገዛ ነኝና በጠዋት ገበያ ወጣሁ።

---

የመተማ_መንገድ | ቅዳሜ ታኅሣሥ 11፣ ከጠዋቱ 2:20

ሌሊቱን ሳስበው አደርኩ። ሁላችሁም ትክክል ናችሁ፣ ለእኔ ግን አንድ ነገር ጎድሏል። መንግሥታት እምቢ የማለት ወንበር አላቸው፣ ይተዉታል፣ ይመለሱበታል። እኔና ያ የወድ መደኒ ሰው በዚያ ስብሰባ ላይ ወንበር ኖሮን አያውቅም። ሱዳን አባልነቷን ስታግድ እኔን አልጠየቀችኝም፤ በሩ ሲዘጋ ግን ዕቃው የሚበላሽ የእኔ ነው።

ሌላ ደግሞ፣ ያ የግጭት ማስጠንቀቂያ ክፍል ያላችሁት፣ መጀመሪያ ላይ የጀመረው በካራሞጃና በሶማሌ አርብቶ አደሮች አካባቢ ነው ሲባል ሰምቻለሁ። ጥሩ ነው፣ እነሱም ሰው ናቸው። የመተማ ሻይ ቤት ላይ ግን ማስጠንቀቂያ ከፈለጋችሁ እኔን ጠይቁኝ። በዚያ በኩል ዘይትና ሳሙና ሲወደድ፣ በሦስተኛው ቀን ሰው መሻገር ይጀምራል።

ሰውየው ትናንት ደወለ። ደብተሩን አልጣለውም። «በሩ ሲከፈት ከገጽ 31 እንቀጥላለን» አለኝ።

---

ፋሲል_አስጎብኚ | ከጠዋቱ 2:48

አያ መተማ፣ ያን ደብተር አንድ ቀን ፎቶ አንሥተው ያሳዩን። ስሙን ሸፍነው።

---

ሕግ_ማራኪ | ከጠዋቱ 4:02

መምህር፣ ጠፋህ። ወረቀቱን ምን ወሰንክበት?

---

መምህሩ_ከአዘዞ | ረቡዕ ታኅሣሥ 15፣ ከቀኑ 11:20

ይቅርታ፣ ኔትወርክም እርማትም ተባብረው ያዙኝ።

ዛሬ ወረቀቱን መለስኩ። መጀመሪያ ጥያቄውን ልሰርዘው አስቤ ነበር። ከዚያ ሐሳቤን ቀየርኩና ክፍል ውስጥ ወረቀታቸውን ሳልሰጥ በፊት «ቁጥራችሁን ይዛችሁ ቁሙ» አልኳቸው። የ8ቶቹ በመስኮቱ በኩል፣ የ7ቶቹ በበሩ በኩል፣ የ6ቶቹ መሀል። ለምን እንዳሉ ይናገሩ ዘንድ። የእትዬን የዕድር ታሪክ ነገርኳቸው (ይፍቀዱልኝ እትዬ)፤ ግማሹ ክፍል ወደ 8 ሸሸ። የሕጉ ልጅ ስለ ኢኮዋስ ያለውን ነገርኳቸው፤ እንደገና ተበተኑ። የጡረተኛውን የጅቡቲ ነገር ስነግራቸው አንዱ «ቲቸር፣ መንግሥቱ ምን ብሎ ሰላም አለው?» አለኝ። እሱን አላውቅም አልኩት። በመጨረሻ ያን የመጀመሪያውን ጥያቄ የጠየቀኝ ልጅ ተነሥቶ፣ «ስለዚህ ከድርጅት ሲወጣ የሚቀርበት፣ ስለ እሱ ሲወራ መስማት ነው» አለ። እኔ ከዚህ የተሻለ አላገኘሁም።

እርማቱን እንዲህ አደረግሁት፦ 8ም ይሁን 7 ብሎ ምክንያቱን ወይም ቀኑን የጻፈ ሙሉ ነጥብ። ቁጥር ብቻ የጻፈ ግማሽ። 6 ያሉት ሱዳን አኩርፋለች ብለው ከጻፉ እንደዚሁ ግማሽ። መጽሐፉ ያለውን ብቻ የጻፈ ላይ መፍረድ ግን ከበደኝ፤ 8 ብለው በመጽሐፉ ገጽ ቁጥር ለሞገቱኝም ሙሉ ሰጠሁ።

---

የመተማ_መንገድ | ከምሽቱ 1:05

መምህር፣ ያቺ ስትጽፍ ስትሰርዝ የዋለችው የእኔዋ ናት። ማታ ወረቀቷን አሳየችኝ፤ ግማሽ ነው የሰጠሃት። 7 ብላ ቀኑን አልጻፈችም። ለምን አልጻፍሽም ብላት «አባዬ፣ ቦታው አልቆብኝ» አለችኝ።